ሹፌሩ

ላምበረት መናኸሪያ ነኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ብርዱ አይጣል ነው። ደሴ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሳልፍ አንድ የቅጥቅጥ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሹፌሩ!" ብሎ ተጣራ። እኔን ነው ብዬ አላሰብኩም። መናኸሪያ ውስጥ ሹፌር ሹፌርን ቢጠራ ምን ይገርማል? መንገዴን ቀጠልኩ። አሁንም ጠራ። "አንተ ሹፌሩ! ሦስተኛ ለ!"

እግሬ ቀጥ አለ።

በዚህ ስም ከተጠራሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስሙን የሚያውቁት ደሴ ከእኔ ጋር ሦስተኛ ክፍል የተማሩ ልጆች ብቻ ናቸው። እናቴ እንኳ አታውቀውም። ጠጋ ብዬ ፊቱን አየሁት። ጢሙን ቀነስኩ፣ ሽበቱን ቀነስኩ፣ ከሥሩ የማውቀውን ልጅ አገኘሁት። አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው።

"ና ውጣ! ጋቢና ነው የምትሄደው" አለኝ። ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ሰቀለው።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ አወራን። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል ታርማበር ላይ የነገረኝ አንድ ነገር አለ። ወራት አለፉ፤ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ስሜ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ቲቸር የጠየቀችን ቀን

1992 ዓ.ም. ነው። ክፍላችን ውስጥ ከስድሳ በላይ ነበርን፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት እየሆንን እንቀመጣለን። ቲቸር ሁላችንም የምንወዳት ሴት ነበረች። አንድ ዓርብ ትምህርቱን ቀደም ብላ ጨረሰችና "ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" አለችን። ከፊተኛው ረድፍ ጀመረች።

ዶክተር። ዶክተር። ፓይለት። ዶክተር። ኢንጂነር። ዶክተር። አንዷ ልጅ "መምህርት" ስትል ቲቸር ፈገግ ብላ ራሷን ዳበሰቻት። ከዚያ እንደገና ዶክተር፣ ፓይለት፣ ዶክተር። ልጁ ይነሳል፣ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል።

ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁና "ሹፌር" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ግን አልሳቀችም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ወደ ዴስካችን መጣች። ጠመኔ የያዘችበትን እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ዝቅ ባለ ድምፅ "አንተ እኮ ጎበዝ ተማሪ ነህ" አለችኝ። "ሹፌርነትማ ትምህርት እምቢ ያለው ሰው ሥራ ነው። እስቲ እንደገና አስብና ንገረኝ።"

አሰብኩ ማለት አልችልም። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ያለችውን ነው የደገምኩት። "ዶክተር።"

"ጎበዝ! አጨብጭቡለት!"

ተጨበጨበልኝ። ተቀመጥኩ። ሰማያዊው ሹራቤ ትከሻ ላይ አራት ነጫጭ የጣት አሻራዎች ቀርተው ነበር። እስከ ቤት ድረስ አላራገፍኳቸውም።

ጭብጨባው ደስ ብሎኛል። ይህን አልደብቅም። ያን ቀን የገባኝ ነገር ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ያለው መሆኑ ነው። "ምን ትፈልጋለህ?" ማለት ለካ "ስምንት ሲደመር ሰባት ስንት ነው?" እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። ዘመድ ሲጠይቀኝ ዶክተር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ዶክተር። የንስሐ አባታችን ቤት ጠበል ሊረጩ መጥተው ሲጠይቁኝም ዶክተር። ልጆቹ ግን አልረሱልኝም። እስከ ስምንተኛ ክፍል "ሹፌሩ" ነበርኩ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ልክ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምኞት ቤት አያቆምም። በቲቸርም አልፈርድባትም። ስለወደደችኝ ነው ያረመችኝ። በእሷ ዘመን ከድህነት የሚያወጣው መሰላል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ትምህርት ነው። ጎበዝ ያለችው ልጅ ከመሰላሉ ሲወርድ ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ቢሆንም ቆጭቶኛል። ሊጡ ለእራት አይበቃ ይሆናል። ግን ከመድፋት በፊት "ምን ልትጋግር ነበር?" ተብሎ አይጠየቅም? ያን ቀን "ለምን ሹፌር?" ያለኝ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬም የለም።

ለምን ሹፌር?

ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የሚነዱት ኤንትሬ ከነተሳቢው ነው። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ አሰብ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ መመላለስ ጀመሩ።

ጋሼ ሲመጡ ከዳገቱ ሥር ሆነው ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ። ጥሩምባው ወፍራም ነው፤ ቆርቆሮ ያርገበግባል። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። እናቶች እጃቸው ላይ ሊጥ እንዳለ ይወጣሉ። ምክንያቱም ሁሉም አደራ ልኳል። አንዷ ጀሪካን አስመጥታለች። አንዷ አሰብ ወደብ ለሚሠራ ወንድሟ ደብዳቤ ልካ መልሱን ትጠብቃለች። አንዱ ለልጁ ጫማ አዟል፤ የእግሩን ልክ በክር ለክቶ ነው የሰጣቸው። ጋሼ ወረቀት ላይ የሚጽፉት ነገር የላቸውም። ከጋቢና ሳይወርዱ በስም እየጠሩ ያድላሉ። ያን የእግር ልክ ክር ከደረት ኪሳቸው ሲያወጡት አይቻለሁ። ለአባትየው መለሱለት። ከጫማው ጋር ክሩንም መለሱለት።

ለእኛ ለልጆች ደግሞ ቴምር አለ። ከመቀመጫው ኋላ ካለው አልጋ ላይ ከከረጢት እየዘገኑ። እጃቸው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ቴምሩም እንደዚያው። እስከ ዛሬ ቴምር ስበላ ትንሽ የናፍጣ ሽታ ካላገኘሁ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ጋቢና አውጥተው መሪው ጋ አስቀመጡኝ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም። መሪው ከእኔ ይሰፋል። ግን መኪና አልነበረም የማረከኝ። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እኔ መሆን የፈለግኩት የሰው አደራ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ክላክስ ሲያደርግ ሰፈር የሚወጣለት ሰው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ይላል? ቃሉ የለውም። ስለዚህ "ሹፌር" ይላል።

ምደባ

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2001 ዓ.ም. ነው። ጊዜው መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ያለበት ነው። ፎርሙን ስንሞላ ምን እንደሚመስል የዚያ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ። ሕክምናን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። ነጥቤ ጥሩ ነበር፤ ለሕክምና ግን ትንሽ ጎደለች። ምደባ ሲወጣ ፋርማሲ፣ ጎንደር።

እማዬ አለቀሰች። ጎረቤት መጥቶ "ያው ጤና ነው፣ ምን ጎደለው" እያለ አጽናናት። እኔም ለሳምንት ፊቴን አጨልሜ ከረምኩ። እንደዚያ መሆን ያለብኝ መሰለኝ። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ሐዘኑን እፈልገዋለሁ፤ አጣዋለሁ። የሕይወቴ ሕልም ተሰብሮ እንቅልፍ እንዴት ይወስደኛል? ብዙ ዓመት ራሴን እንደ ግድ የለሽ ሰው ቆጥሬያለሁ። አሁን ሳስበው ምንም ግድ የለሽ አልነበርኩም። ሕልሙ የእኔ አልነበረም። የተዋሱት ነገር ሲጠፋ ያሳፍራል እንጂ አያስለቅስም።

ጎንደር ጥሩ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተ ግቢ ነው፤ የጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ የኖረ። አምስት ዓመት ተማርኩ። ወደድኩት። አሁን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፤ በመድኃኒት መስጫው መስኮት በኩል ዓለምን አያለሁ።

ሦስተኛ ለን ስቆጥር ግን ሌላ ነገር ይሰማኛል። የት እንዳሉ ከማውቃቸው ውስጥ ዶክተር የሆነው አንድ ነው። አንድ። ሁለቱ ባንክ ገብተዋል፤ አንደኛው የፊዚክስ ምሩቅ ነው። አንዱ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ኮብልስቶን ጠርቧል፣ አሁን ሞባይል ይጠግናል። "መምህርት" ያለችው ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ከፊቴ ትቀመጥ የነበረችው፣ ጮክ ብላ "ዶክተር" ያለችው ልጅ ጂዳ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። የቤቱን አሮጊት ኢንሱሊን የምትወጋው እሷ ናት። አንዳንዴ የመድኃኒት ስም በድምፅ መልእክት ልካ "ይህ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ትለኛለች። ያን ዓርብ ተነስቶ "ዐረብ አገር እሄዳለሁ" ያለ ልጅ አልነበረም። ቲቸርም ለዚያ የሚሆን ምክር አላዘጋጀችም።

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ሰው ስለ ትምህርት ጥራት ሲከራከር እኔ የማስበው ስለ ጭብጨባው ነበር። እነዚያ ልጆች በሙሉ አንድ ቀን ከዴስካቸው ተነስተው "ዶክተር" ብለዋል። ተጨብጭቦላቸዋል።

ታርማበር ላይ

ደብረ ብርሃን ለቁርስ ቆምን። ጓደኛዬ ፍርፍሩ ሳይመጣ ከኪሱ ክኒን አውጥቶ በሻይ ዋጠ። ዓይኔ ማሸጊያው ላይ አረፈ። ዳይክሎፌናክ።

"ለምንህ ነው?"

"ለወገቤ። ያለሱ ደሴ አልገባም።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።" ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። ቆጥሮት አያውቅም። ውኃም አይጠጣም፤ መንገድ ላይ ላለመቆም።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ የምችለውን ያህል ነገርኩት። በባዶ ሆድ ጨጓራን እንደሚያቆስል። እየቆየ ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ ደም ግፊት እንደሚጨምር። ግፊቱን ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። "ግፊት የሚለካው ጎማ ነው" አለኝ። አልሳቅኩም። እሱም አየኝና ዝም አለ።

ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉሙ ወረደ። ታርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ከፊትህ ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታይህ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። እጁን አየሁት። ማርሹን አስቀድሞ ቀነሰ። ሞተሩ አጉረመረመ። እግሩ ፍሬኑን ነካ ያደርገዋል እንጂ አይጫነውም። "እዚህ ላይ ፍሬን የሚያምን ሰው ደብረ ሲና አይደርስም" አለኝ። "ማርሽ ነው የሚይዝህ።" አንዲት እናት ከኋላ "ቀስ በል ልጄ" ስትለው "እሺ እማማ" አላት። ድምፁ ውስጥ ጋሼን ሰማኋቸው።

ታሪኩን ነገረኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አባቱ ሞቱ። አሥረኛ ክፍል ነጥብ አልመጣለትም። የወልድያ መስመር ላይ አምስት ዓመት ረዳት ሆነ፣ ከዚያ የሕዝብ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አሁን ሦስት ልጆች አሉት። መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ ወራት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ያን ቀን ግን ሰላም ነበር።

"አንተስ ዶክተር ሆንክ?" አለኝ።

"ፋርማሲስት።"

"ሥራህን ትወደዋለህ?"

አሰብኩ። ብዙውን ቀን የምለው ቃል "የለም" እንደሆነ ነገርኩት። ሰው ሦስት ቦታ ተንከራትቶ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ የለም። ማንበብ ለማይችሉ አባቶች ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እንደምስልላቸው ነገርኩት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አልፎ አልፎ ደግሞ የጠፋ መድኃኒት ይገባል። ካርቶኑ ሲወርድ ስልኬ ውስጥ የመዘገብኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እደውልላቸዋለሁ። "መጥቷል" ስላቸው በስልክ የሚመርቁኝ አሉ። "እሱን እወደዋለሁ" አልኩት።

እዚህ ላይ "ስለዚህ ሕልሜ በሌላ መንገድ ተሳካ" ብል ይቀለኛል። አልልም። ከሃያ ቀን አንድ ቀን ነው እንደዚያ የምሆነው። የቀረውን ቀን ደጁ የተቆለፈ ሱቅ ፊት እንደቆመ ሰው ነኝ። ደግሞም ይህ ሕይወት ወደ እኔ የመጣው በምደባ ነው፤ መርጬው ቢሆን ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለን ወረድን። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ እንዲህ አለኝ።

"ያን ቀን እኮ ካንተ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር።"

"አዎ።"

"ሌላ ነገር ነበር ልል የነበረው። ከፊት ረድፍ ስትጀምር ጀምሮ አዘጋጅቼ ጠብቄያለሁ። ቲቸር አንተን ስታርምህ ዋጥኩትና ዶክተር አልኩ።"

"ምን ነበር?"

ማርሽ ቀየረ። አንድ ኩርባ አለፍን። "ረሳሁት" አለ። "ወላሂ ረሳሁት። ያንተን አስታውሳለሁ፣ የኔን ግን ረሳሁት። መጀመሪያ ቀን መሪ ስጨብጥ አንተ ትዝ አልከኝ። 'ይሄ የዚያ ልጅ ሥራ ነው' አልኩ። የኔ የትኛው እንደነበር ግን… አንዳንዴ ብቻዬን ስነዳ እፈልገዋለሁ። ፊደሉ እንኳ አይመጣልኝም።"

ምን ይባላል? ምንም አልተናገርኩም። እኔ ቢያንስ ቃሉን አውጥቼዋለሁ። ስለተሳቀብኝ አልረሳሁትም፤ ቅጽል ስም ሆኖ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከተለኝ፣ ይኸው ላምበረት ድረስ መጣ። የእሱ ግን ማንም ሳይሰማው ጠፋ። ያን ዓርብ ከስድሳ በላይ ልጆች ነበርን። ስንቶቻችን ዋጥነው? ከእኔ በኋላ የተቀመጡት በሙሉ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ዶክተር እያሉ ሲቀጥሉ እኔ ሹራቤ ላይ ያለውን ጠመኔ ነበር የማየው። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲያልፍ አላየሁም። ትከሻችን እኮ ይነካካ ነበር።

ሊሆን የነበረውን መገመት ጀመርኩ። ጫማ ሰፊ? አዝማሪ? ወታደር? ያኔ ክብሪት ቀፎ ሰብስቦ ቤት ይሠራ እንደነበር ትዝ አለኝ። ነገርኩት። "ግንበኛ ይሆን?" አልኩት። ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "አይደለም" አለ። "ምን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያ አይደለም።"

ደብረ ሲና ስንደርስ ጉሙ ከላያችን ቀረ። ልጆቹ ቆሎ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ሁለት ስኒ ገዛና ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ሳላስበው "አስታወስከው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ያን ቀን ልትል የነበረውን።"

"ኧረ እሱን አይደለም። ተለካሁ። 150 በ100 አሉኝ። ክኒኑን ልተወው?"

"እሱን ተወው። ነገ ሐኪም ታያለህ፤ ስለ ወገብህም ትነግረዋለህ። አሁን የት ነህ?"

"ታርማበር። ጉም ነው።"

"ዝጋና ንዳ" አልኩት። "ደብረ ሲና ስትደርስ ደውልልኝ።"

መስኮቱ ጋ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ስልኩን አጠገቤ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከ40 ደቂቃ በኋላ ደወለ።